«ይቆያል ወይ?» የሚሉ አፍንጫዎች

ቦሌ መንገድ ላይ ካሉት የሽቶ መደብሮች በአንደኛው ውስጥ ቆሜ ግማሽ ሰዓት ያህል ገበያውን ታዘብኩ። ገዢ ይገባል፤ ሻጯ ብልቃጡን ታነሳለች፤ ቀጭን ነጭ ወረቀት ላይ «ፍስስ» ታደርግና አፍንጫው ሥር ታወዛውዝለታለች። ገዢው ሁለት ነገር ይጠይቃል። መጀመሪያ «ኦሪጅናል ነው?» ይላል። «ነው» ሲባል ደግሞ «ይቆያል?» ይላል። «ሙሉ ቀን! ልብስ ላይማ እስኪታጠብ ድረስ!» ትለዋለች። በቃ፣ ገንዘብ ይቆጠራል። በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ «ይሄ ሽቶ ከአንድ ሰዓት በኋላ ምን ይሆናል?» ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልሰማሁም።

እኔ ዛሬ ጥብቅና የምቆመው ለዚያ ላልተጠየቀው ጥያቄ ነው። «ይቆያል ወይ?» የጎማ ገዢ ጥያቄ ነው። ስለ ጎማ ሲሆን ተገቢ ነው፤ ስለ ሽቶ ሲሆን ግን ልቦለድን «ስንት ገጽ አለው?» ብሎ እንደ መግዛት ያለ ነገር ነው። ሽቶ የሚቆይ ብቻ ሳይሆን እየቆየ የሚለወጥ ነገር ነው። ለውጡን ያላሸተተ ሰው ብልቃጡን ገዝቷል እንጂ ሽቶውን አላወቀውም።

ይህን ስል ከደሙ ንጹሕ ነኝ ማለቴ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ረዘም ያለ መጣጥፍ የተከፈለችኝን ገንዘብ እንደያዝኩ ወደ አንድ መደብር ጎራ አልኩ። ወረቀቱ ላይ ያሸተትኩት ገና የተላጠ ብርቱካን ነበር፤ ከኋላው ዝንጅብል ብጤ ነገር አለ። ልቤ ራደ። ገዛሁት። ያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ አንገቴና ደረቴ ላይ ነስንሼ ታክሲ ተሳፈርኩ። ብርቱካኑ መንገድ ላይ እያለን ጥሎኝ ሄደ። በእሱ እግር የተተካው ድስት ሥር ያረረ ስኳር ነው። ታክሲዋ ሞላች፤ ስኳሩም ሞላ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት የነጠላቸውን ጫፍ አፍንጫቸው ላይ ጣል አደረጉና «ልጄ፣ እስቲ መስኮቷን ከፈት አድርጋት» አሉኝ። ሻጩ እንዳልዋሸኝ መመስከር አለብኝ። ይቆያል ብሎኝ ነበር፤ ቆየ። ሸሚዜ ላይ ሦስት ቀን ቆየ! «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል፤ እኔን የቸገረኝ ግን አልፈታ ማለቱ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሽቶ በአልኮል የሟሙ የብዙ ቅመሞች ድብልቅ ነው። እነዚህ ቅመሞች እኩል አይተኑም። የሎሚ፣ የብርቱካንና የመሳሰሉት ዘይቶች ቀላል ስለሆኑ በደቂቃዎች ውስጥ በንነው ያልቃሉ። አበቦቹና አብዛኞቹ ቅመማ ቅመሞች ከእነርሱ ቀጥለው ይወጡና ጥቂት ሰዓታት ይዘልቃሉ። ሙጫው፣ እንጨቱ፣ ቫኒላውና ምስኩ ከባድ በመሆናቸው መጨረሻ ላይ ቆዳችን ላይ የሚቀሩት እነሱ ናቸው፤ አንዳንዶቹ እስከ ማግሥቱም ያድራሉ። እንግዲህ መደብር ውስጥ ወረቀት ላይ የምናሸተው የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ደቂቃዎች ነው። ይዘነው የምንውለው ደግሞ የኋለኞቹን ሰዓታት ነው። እጮኝነቱ ከአንዷ፣ ጋብቻው ከሌላዋ!

ይህ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ትምህርት መሆን አልነበረበትም። ዕጣን ፍም ላይ ሲጣል መጀመሪያ የሚነሳው ሹል ነው፤ ዓይን ያስለቅሳል። ቀጥሎ ይለሰልስና ቤቱን ያውደዋል። ፍሙ እየደከመ ሲሄድ ሙጫው ያርርና መራራ ጢስ ይመጣል። ማግሥቱን ደግሞ መጋረጃው ላይ ከሦስቱም የተለየ ሌላ ጠረን ይገኛል። እናቶቻችን ዕጣን ሲገዙ እጃቸው ላይ አሽተው ብቻ አይፈርዱም፤ «ፍም ላይ ይታያል» ይላሉ። ቡናም ቢሆን ከመቆላቱ እስከ በረካው ድረስ ጊዜውን ጠብቆ የሚሄድ የሽታ ታሪክ ነው። በአቦል ብቻ የሚነሳ እንግዳ ቢቸኩል ነው እንጂ ቡናውን ጠጥቶ ጨረሰ አይባልም። ታዲያ ለዕጣንና ለቡና ያለን ትዕግሥት ለብልቃጥ ሲሆን የት ይጠፋል?

*

ከዚያ የስኳር ቀን ወዲህ ሙሉ ብልቃጥ መግዛት ትቻለሁ። ዋሽንግተን የምትኖር የአክስቴ ልጅ አገር ቤት ስትመጣ ናሙና ታመጣልኛለች፤ 1 ወይም 2 ሚሊሊትር የምትይዝ፣ ከትንሽ ጣት የምታንስ የመስታወት ጠርሙስ። አብዛኞቹ «ኒሽ» ከሚባሉት ቤቶች የመጡ ናቸው። ኒሽ ማለት ለሁሉም ሳይሆን ለጥቂቶች እንሠራለን የሚሉ፣ በትንሽ መጠን የሚያመርቱ፣ በማስታወቂያ ተዋናይ ፊት የማይሸጡ ቤቶች ናቸው። የአንዳንዱ ብልቃጥ ዋጋ ከ200 ዶላር ያልፋል። ናሙናው ግን በጥቂት ዶላር ይገኛል፤ ደሃ አፍንጫም ተምሮ የሚያድርበት መንገድ ይኸው ነው።

የእነዚህ ቤቶች ታሪክ ሲጀመር የሚያስከብር ነበር። ዲፕቲክ እ.ኤ.አ. በ1961 ፓሪስ ውስጥ ሱቅ ከፍቶ በ1968 የመጀመሪያ ሽቶውን አወጣ። ላርቲዛን ፓርፉመር በ1976 ተቋቋመ። ፍሬዴሪክ ማል ደግሞ በ2000 ቤቱን ሲከፍት ራሱን እንደ መጽሐፍ አሳታሚ ቆጠረና የቀማሚውን ስም ብልቃጡ ላይ አተመ። ለእኛ ለጸሐፊዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሽቶ ደራሲ አለው ማለት ነውና። ይሁንና ትልልቆቹ ኩባንያዎች ትንንሾቹን መዋጥ ጀመሩ። የፍሬዴሪክ ማልን ቤት ኤስቴ ላውደር ሊገዛው እ.ኤ.አ. በ2014 ተዋዋለ፤ ላርቲዛን በ2015፣ ባይሬዶ ደግሞ በ2022 የፑይግ ኩባንያ ንብረት ሆኑ። ስለዚህ «ኒሽ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን የሙያ ምስክር ወረቀት አይሆንም። የሚመሰክረው አፍንጫ ነው፤ አፍንጫ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ከሻጮቹ ይልቅ የምጣላው ከሽቶ አዋቂዎቻችን ጋር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬ ስለ ሽቶ የሚያወሩ ወጣቶች በርክተዋል፤ እሰየው። ነገር ግን አንዱን «እስቲ ይህ ሽቶ እንዴት ነው?» ብትሉት ካርቶኑ ላይ ያለውን እንደ ዳዊት ይደግምላችኋል። «ቶፕ ኖቱ ቤርጋሞት፣ ሚድሉ ሮዝ፣ ቤዙ ኡድ።» ወንድሜ፣ ቤርጋሞትን ከነልጣጩ አይተኸው ታውቃለህ? እኔም አላየሁትም። ለመሆኑ ያ ዝርዝር ምንድነው? ብዙዎች እንደሚመስላቸው ብልቃጡ ውስጥ የገባውን ቅመም የሚቆጥር ደረሰኝ አይደለም፤ ሻጩ እንድናስበው የሚፈልገው ነገር ነው። ለምሳሌ ፈረንሳዮች «ሙጌ» የሚሏት ትንሽ ነጭ አበባ ለሽቶ የሚሆን ዘይት አይወጣትም። በየካርቶኑ ላይ የምትነበበው ሙጌ ሁሉ በቤተ ሙከራ የተሠራች ናት። ይህ ነውር አይደለም፤ ጥበብ ነው። ነውሩ ያላሸተቱትን አሸተትኩ ማለት ነው።

እንግዲህ ሌላውን ስወቅስ የራሴን ደብተር ልዘርጋ። ኮም ዴ ጋርሶን የተባለው የጃፓን ፋሽን ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 አምስት የዕጣን ሽቶዎችን ባንድነት አወጣ። ሁሉም በቦታ ስም የተጠሩና እያንዳንዳቸው አንድን እምነት የሚያስታውሱ ናቸው፤ አቪኞን ለካቶሊክ፣ ዛጎርስክ ለኦርቶዶክስ፣ ሌሎቹም እንዲሁ። አቪኞንን የቀመመው ቤርትራን ዱሾፉር ነው። ክንዴ ላይ አንድ ጠብታ አድርጌ የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦

«ጠዋት 3፡10፦ ሎሚ ሎሚ የሚል ብርድ። ገና ፍም ያልነካው ዕጣን። 3፡30፦ ቀዝቃዛ የድንጋይ ወለል፤ ሻማ የጠፋበት ቤት። 5፡00፦ ጢስ፤ ደረቅ ነው፣ ግን ዓይን አያስለቅስም። 8፡00፦ ብርዱ ለቀቀ። ከርቤ ከርቤ ይላል፤ ጥቂት ጣፈጠ። ማታ 1፡00፦ የአሮጌ ሣጥን ውስጥ። ማግሥቱ፦ ምንም፤ የሹራቤ እጅጌ ላይ ግን ሣጥኑ አለ።»

የኦርቶዶክስ ነው የተባለውን ዛጎርስክን ደግሞ በጉጉት ከፈትኩት። ጥድ፣ በረዶ፣ እንጨት። ከሰዓታት በኋላም ጥድና እንጨት። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ግን የሞስኮ አካባቢ ደን ነው እንጂ ማሕሌት የተቆመበት ቅኔ ማሕሌት አይደለም። ካርቶኑን አንብቤ ብቻ ብጽፍ ኖሮ «የቤተ ክርስቲያናችን ሽታ ፓሪስ ገባ» ብዬ እፎክር ነበር።

ያው ዱሾፉር እ.ኤ.አ. በ2004 ለላርቲዛን ቲምቡክቱ የሚባል ሽቶ ቀመመ። መነሻው የማሊ ሴቶች ልብሳቸውንና ገላቸውን የሚያጥኑበት «ውሱላን» የተባለ የእንጨት፣ የሥርና የሙጫ ቅመም ነው፤ የእኛ ወይባ የሩቅ ዘመድ ልትሉት ትችላላችሁ። ሲረጭ ያልበሰለ ማንጎ ነው፤ አረንጓዴ፣ ጎምዛዛ፣ ቁንዶ በርበሬና ኮረሪማ ብጤ ጣል የተደረገበት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ማንጎው የለም። በእሱ ቦታ የመጀመሪያው ዝናብ የነካው አቧራ ይመጣል፤ አፈር አፈር ይላል። ከሰዓት በኋላ የደረቀ ሥርና የራቀ ጢስ ብቻ ቀርቶ ከራሴ ጠረን ጋር ተቀላቅሎ ነበር፤ የቱ እኔ፣ የቱ ሽቶው እንደሆነ መለየት ተሳነኝ። በወረቀት ፈርጄ ቢሆን «የማንጎ ጭማቂ ነው» ብዬ ባለፍኩት። ከዚህ ሽቶ ውስጥ የሚበልጠው ማንጎው ካለፈ በኋላ ያለው ነው።

«የማይለወጥም ሽቶ አለ» የሚለኝ አይጠፋም። አለ። ጌዛ ሾን እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ሞሌኪውል 01 አንዲት ሰው ሠራሽ ቅመም ብቻ ናት። ግን እሷም ብትሆን ትጠፋና ትመለሳለች፤ አፍንጫ እየደከማት ይለቃታል፣ ነፋስ ሲመጣ እንደገና ይይዛታል። ይህንንም ማወቅ የሚቻለው ይዘዋት ሲውሉ ነው። እኔ የምቃወመው የማይለወጠውን ሽቶ ሳይሆን የማይጠብቀውን ገዢ ነው። ሁላችንም «ይቆያል?» እያልን ከጠየቅን፣ ቀማሚውም ጠዋትና ማታ አንድ ዓይነት የሚጮህ ነገር ቢሠራልን በማን ይፈረዳል?

*

አሁን ወደ ቋንቋው ልምጣ። «በአማርኛ ሽታን መግለጽ አይቻልም፤ ቃል የለውም» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ሰዎቹ አማርኛ አያሸቱም እንጂ አማርኛስ ቃል አላጣም። ሽታ፣ መዓዛና ጠረን ሦስት ነገሮች ናቸው። ሽታ ለሁሉ ነው፤ መዓዛ የተወደደው ነው፤ ጠረን ደግሞ የባለቤቱ ነው፤ ሕፃን እናቱን የሚያውቅበት። ሽቶ ቆዳ ላይ ውሎ መጨረሻ ላይ የሚሆነውን ነገር ፈረንሳዮች በስንት ቃል ይደክሙበታል፤ እኛ «ጠረን» ብለን አርፈናል። ግሱም ሞልቷል። ያውዳል፣ ይሰነፍጣል፣ ይከረፋል፣ ያፍናል። ከሁሉ በላይ ግን ቃል እየደጋገምን የምንሠራው አነጋገር አለን። «ጭስ ጭስ ይላል»፣ «ቅቤ ቅቤ ይላል»፣ «አፈር አፈር ይላል»። ይህ አነጋገር ጭስ ነው አይልም፤ ጭስን ያስታውሳል ይላል። ከካርቶኑ ዝርዝር ይልቅ ታማኙ እሱ ነው፤ ውስጡ ያለውን አውቃለሁ ሳይል የሸተተውን ይናገራልና። ይህን ሁሉ ንብረት ይዘን «አሪፍ ነው፣ ከባድ ነው፣ ይቆያል» በሚሉ ሦስት ቃላት መኖራችን ያስቆጨኛል።

አንድ ወዳጄ ይህን ሐሳቤን ቡና ላይ አንስቼለት ተቆጣኝ። «ሰው የዘይት ዋጋ በሚያለቅስበት አገር አንተ ስለ ሽቶ ዘይት ትጽፋለህ?» አለኝ። ቁጣው ይገባኛል። መልሴ ግን ይህ ነው፦ ሽቶን የሀብታም ጉዳይ ብሎ መተው የሚችለው በሽቶ ሥራ ውስጥ የሌለ አገር ነው። እኛ አለንበት። ከታች ነው ያለነው፤ ግን አለንበት።

ዝባድን ውሰዱ። ኢትዮጵያ ከጥርኝ የሚገኘውን ዝባድ በከብት ቀንድ እየሞላች ለዘመናት ለዓለም ስታቀርብ የኖረች ዋነኛ አገር ናት። ጊርሌን እ.ኤ.አ. በ1889 ባወጣውና የዘመናዊ ሽቶ አባት ከሚባሉት አንዱ በሆነው ዢኪ ውስጥ፣ ከላቬንደሩና ከቫኒላው መካከል ያን የእንስሳ ሙቀት የሚሰጠው ዝባድ ነበር። ዝባድን ከነቀንዱ ያሸተተ ሰው ፊቱን ያዞራል፤ ይከረፋል። በብዙ አልኮል ሲቀጥንና ጊዜ ሲያገኝ ግን ሞቅ ያለ፣ አበባ የሚመስል ነገር ይሆናል። በመጀመሪያው ማሽተት መፍረድ ምን ያህል ስሕተት እንደሆነ ከዚህ የበለጠ አስተማሪ የለም፤ አስተማሪው ደግሞ የገዛ ጫካችን ነው። ጥርኟ በጠባብ የእንጨት ጎጆ ተዘግታ በየጥቂት ቀኑ እንደምትፋቅ ግን በየትኛውም ካርቶን ላይ አይጻፍም። ዛሬ አብዛኞቹ ሽቶ ቤቶች በሰው ሠራሽ ዝባድ ይጠቀማሉ፤ ለጥርኟ እሰየው ነው፤ ስሟ ግን ሳይነሳ ቀረ።

ዕጣንም እንዲሁ ነው። ከመተማና ከሁመራ ቆላ የሚመጣው ዕጣናችን ከኦማኑ ዕጣን የተለየ ዛፍ ነው። የኦማኑ ዘይት ብዙውን ጊዜ ጥድ ጥድ የሚል ቅመም ይበዛዋል። የእኛው ዘይት ደግሞ በአብዛኛው ኦክቲል አሲቴት ነው፤ ይህ ቅመም በብርቱካን ዘይት ውስጥም የሚገኝ፣ ፍራፍሬ የሚሸት ነው። አንዲት እናት ዕጣን አሽተው «ይሄስ ብርቱካን ብርቱካን ይላል» ቢሉ የኬሚስትሪ መምህር ሊያርማቸው አይችልም፤ ልክ ናቸውና። እኛ ግን ይህን ልዩነት በቃል አስቀምጠን፣ ስም ሰጥተን፣ ስሙን በዋጋ አልሸጥንም። ካርቶኑ ላይ «ዕጣን» ተብሎ ይታለፋል፤ አገር ከተጠራም የሚጠራው ብዙ ጊዜ ኦማን ነው። ስም የሌለውን ነገር በኪሎ እንሸጣለን፤ ስም ወጥቶለት ሲመለስ በሚሊሊትር እንገዛለን። ዛፉ ደግሞ እየጠበቀን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት፣ ወጣት ችግኝ እየጠፋ በመሆኑ የዚህ ዛፍ ዕጣን ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አስጠንቅቋል። «ይቆያል ወይ?» የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ቦታው እዚህ ነበር!

እንግዲህ ምን ይደረግ? ገንዘብ አያስፈልገውም። መደብር ስትገቡ ከሦስት በላይ አታሽቱ። ከሦስቱ የወደዳችሁትን አንዱን ብቻ ክንዳችሁ ላይ አስረጩና፣ ሳታሹት፣ ሳትገዙ ውጡ። አፍንጫችሁ ሲደክም በብርጭቆ የሚቀርብላችሁን የቡና ፍሬ ተዉት፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ሙከራ ቡና ማሽተት ባዶ አየር ከማሽተት እንደማይሻል አሳይቷል። ይህን እኔ የቡና አገር ልጅ ስናገር ቅር እያለኝ ነው። ደጅ ወጣ ብላችሁ ተንፍሱ። ከሩብ ሰዓት፣ ከሁለት ሰዓት፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ አሽቱና የሸተታችሁን በራሳችሁ ቃል ጻፉ። ካርቶኑን አታንብቡ። ማግሥቱ አሁንም ከወደዳችሁት፣ ያን ጊዜ ስለ ዋጋው ተከራከሩ።

ወደዚያ መደብር ልመለስና ልጨርስ። ገዢዎቹ ሲያልቁ ሻጯን «እህቴ፣ ይሄ ሽቶ ከአራት ሰዓት በኋላ ምን ይሆናል?» አልኳት። ብልቃጡን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ሳቀች። «ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም አላውቅም» አለች። ከዚያ ክንዷ ላይ ረጨችና «ማታ ብቅ ይበሉ፤ እነግርዎታለሁ» አለችኝ። ማታ 12 ሰዓት ላይ ብቅ አልኩ። ሊዘጉ ነበር። ክንዷን ወደ አፍንጫዋ ጠጋ አድርጋ ትንሽ አሰበች።

«ቆሎ ቆሎ ይላል» አለች። «ሁለት ዓመት ሸጥኩት፤ ገና ዛሬ ማሽተቴ ነው።»